ጠዋት የማይነሳው ፔዳል

የበደለኝ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። የበደለኝም በባሌ ሙት ዓመት ዕለት፣ በማለዳ፣ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ባለው ግቢያችን ውስጥ፣ ድንኳን ሊተከል ሰው በተሰበሰበበት ነው። ስሙን አልጽፍም። ስሙ ተጽፎ ቢያይ የሚደሰት ዓይነት ሰው ነው፤ ያንን ደስታ ከእኔ አያገኝም።

ጠባችን በመኪና ነው። ባሌ ሲያልፍ አንድ ቤትና አንዲት መኪና ትቶልኛል። ቤቱን የተመኘው የለም፤ ጣራው ያፈሳል። መኪናዋ ግን የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ከመሬት እምብዛም የማትርቅ። መንገድ ሊሠራ መጥቶ የነበረ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው ለባሌ የተወለት። ቀለሟ በፊት ቀይ ነበር፤ አሁን የጡብ ቀለም ሆኗል። ሰፈሩ «ጫማዋ» ይላታል። ባሌ ረጅም ሰው ስለነበር ሲገባባት በእውነትም ጫማ የሚያጠልቅ ይመስል ነበር።

ይህ የባሌ ወንድም፣ ዋርሳዬ፣ መኪናዋን የተመኛት ግቢያችን ከገባችበት ቀን ጀምሮ ነው። ወንድሙ ቁልፉን ለማንም አይሰጥም ነበር፤ ለእኔ ካልሆነ በቀር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዋርሳዬ ልጁን ሲድር፣ ሙሽራው ሙሽራይቱን ከጉቴ እንዲያመጣባት ተዋሰ። አጥቦ፣ በአበባና በሪባን አስጊጦ ወሰዳት፤ በሁለተኛው ቀን መለሳት። ብዙም ሳይቆይ ባሌ ታመመ። መኪናዋ ሸራ ለብሳ ቆመች፤ እሱም አረፈ። ካረፈ በኋላ ሸራውን ገፍፌ መንዳት የጀመርኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ በሙት ዓመቱ ጠዋት ዋርሳዬ ለድንኳኑ ቦታ ላስለቅቅ ብሎ፣ እኔን ሳይጠይቅ ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አንስቶ ገባባት። ሞተሩን አስነሳ። ፍሪሲዮኑን ረገጠ። ፔዳሉ ወረደ፤ እግሩን ሲያነሳ ግን ፔዳሉ አብሮ አልተነሳም። ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። እንዲህ ከሆነ መኪና አይሄድም፤ ሞተሩ እየጮኸ ባለበት ይቆማል።

ከመኪናዋ ወጥቶ ድንኳን ተካዮቹ፣ ጎረቤቱ፣ ከኑኑ ቁምባ የመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ እንዲሰሙት አድርጎ ተናገረ።

«ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ እንደ ዓይኑ ብሌን የያዛትን መኪና ይህች ሴት በአንድ ዓመት ገደለቻት። እግሯን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፋ ነው የምትነዳው። ድሮም ትራክተር እንጂ መኪና መች ታውቃለች።»

«ይህች ሴት» አለ። ከወንድሙ ጋር ልጆች ወልጄ አሳድጌአለሁ፤ የእናቱን እግር አጥቤ ነው የቀበርኳት። መኪናዋን ሰዎች እየገፉ ወደ አጥሩ ጥግ ሲወስዷት እኔ ሰሃን እቆጥር ነበር።

እውነቱን ለመናገር የፔዳሉን ነገር ከክረምቱ ጀምሮ አውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ተኝቶ ይቀርና በጫማዬ ጫፍ ከሥሩ መንግዬ አነሳው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። በዚህ ቤተሰብ ችግርን የተናገረ ሰው የችግሩ ባለቤት ይሆናል።

ምሳ ከተበላ በኋላ ዋርሳዬ ጉዳዩን ለሽማግሌዎቹ አቀረበ። መኪናዋ ብረት ሆና ከመቅረቷ በፊት ለእሱ ትሰጠው፤ የወንድሙ መታሰቢያ ናት፤ በእሱ እጅ ትከበራለች። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ከሁሉም የሚበልጡት፣ ከኑኑ ቁምባ የመጡት አዛውንት፣ እሁድ በጠዋት ተመልሰን እንመጣለን አሉ። መኪናዋ በራሷ ጉልበት ከበሩ ከወጣች የእኔ ሆና ትቀራለች፤ ካልወጣች እሱ ጎትቶ ይወስዳታል። ጠዋት ይሁን ያለው ዋርሳዬ ነው። ሕግ ቢጠየቅ ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም፤ አውቃለሁ። ነገር ግን የዘመድ ሽማግሌ የተናገረውን ረግጦ እዚህ ከተማ የሚኖር ሰው ነገ ሲሞት ማን ይቀብረዋል? እሺ አልኩ።

በማግስቱ ዋርሳዬ መካኒክ ጓደኛውን ላከብኝ። መካኒኩ የመጣው ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ መስታወቱን ስትጠብሰው ነው። ፔዳሉን ረገጠ፤ ወረደ፤ ተነሳ። ደግሞ ረገጠ፤ ወረደ፤ ተነሳ። እንደ ጤነኛ ልጅ። ወደ ዋርሳዬ ስልክ ደወለና መኪናዋ ምንም አልሆነችም አለው። ከስልኩ ውስጥ የዋርሳዬ ጩኸት እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። መካኒኩ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ዞር ብሎ ሐሳቡን ለወጠ። የላይኛው ፖምፓ ሊሆን ይችላል፤ የታችኛውም ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም የፍሪሲዮኑ ዲስክ አልቋል፤ የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው፣ ወርዶ መታየት አለበት፤ ዕቃው ደግሞ እዚህ አገር አይገኝም። አንድ ቡሎን ሳይፈታ ሦስት በሽታ አገኘ። አመስግኜ ሸኘሁት።

ከእኔ ጋር የምትኖር የባሌ አክስት አለች። ሁላችንም አዳዳ እንላታለን። አርጅታለች፤ ነገር ግን ምላሷ ገና ጥርስ አለው። ያን ዕለት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሁሉን ስታይ ቆይታ የራሷን ምርመራ ነገረችኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይቺ መኪና ምንም አልሆነችም። ባልሽን ነው የመሰለችው። እሱስ ፀሐይ ሳይሞቅ ከአልጋው ተነስቶ ያውቅ ነበር?»

ሳቅሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ በእሱ ስም ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ግን ስተኛም ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። አዳዳ የቀለደችው ቀልድ ማንም ያላየውን ነገር ይዟል። ፔዳሉ በጠዋት ብርድ ይተኛል፤ ፀሐይ ሲሞቀው ይነሳል። ያለቀ ዲስክ ፀሐይ አይሞቅም። የተበላሸ ፖምፓ ሰዓት አይመርጥም።

እዚህ ላይ ሌላ ቂም አለኝ፤ ላውጣው። በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተን አንገር ጉቲን ስንሰፍር እኔ ልጃገረድ ነበርኩ። በመንግሥት እርሻው ጋራዥ ሥራ ገባሁ። አለቃችን ወንዶቹን ትራክተር ላይ ሲያወጣ እኛን ሴቶቹን ቡሎን በናፍጣ እንድናጥብ አስቀመጠን። ወንዶቹ ፈትተው ያመጡትን ሁሉ እያጠብኩ፣ ምን ከምን እንደሚገጥም ዓይኔ ተማረ። በኋላ ትራክተር ነዳሁ፤ ጠገንኩም። የባሌ ቤተሰብ ስለዚያ ዘመን ሲነሳ ሰፋሪ እንደነበርኩ ያስታውሳል፤ መካኒክ እንደነበርኩ ይረሳል። አለቃው ግን አንድ ነገር ጥሩ አድርጎ አስተምሮናል፤ ክፉም ሰው ቢሆን የእሱ የሆነውን አልነሳውም። የማይሠራ ነገር ካጋጠመ ሰንሰለቱን ከመሃል ቁረጡና በሽታው ከየትኛው ወገን እንደቀረ እዩ ይል ነበር።

ስለዚህ ሥራዬን ጠዋት ጀመርኩ፤ በሽታው የሚገኘው ጠዋት ነውና። የባሌን አሮጌ ሱሪ ለበስኩ፤ እግሩን ብዙ ጊዜ መጠቅለል ነበረብኝ። አዳዳ ጋቢዋን ተከናንባ በርጩማዋን ከመኪናዋ አጠገብ አስቀመጠች። ሰው እንዳያይሽ እጠብቃለሁ ብላ ነው፤ ግን ያለፈውን ሁሉ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ እያለች ትጠራ ነበርና ከማንም በላይ ሰው የሰበሰበችው እሷ ናት።

የዚህች መኪና ፔዳል ከመሪው በታች በአግዳሚ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚወዛወዘው። ሲረገጥ አንድ ቀጭን ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉ ፖምፓውን ይገፋል፤ ከዚያ ዘይቱ ተራውን ይዞ እስከ ፍሪሲዮኑ ድረስ ይሄዳል። ሰንሰለቱን የምቆርጥበት ቦታ እንግዲህ ፔዳሉና ዘንጉ የሚገናኙበት ነው። ችግሩ እዚያ መድረስ ነው። ራሴን ወደ ወለሉ ዘቅዝቄ፣ እግሮቼን በመቀመጫው ጀርባ ላይ ሰቅዬ ገባሁ። አንዲት ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ምን እየሆነች ነው ብላ ስትጠይቅ፣ አዳዳ ከመኪናዋ እየተወለደች ነው አለቻት።

ማገናኛውን የያዘችው ትንሽ ሽቦ ኮፒሊያ ትባላለች። በፒንሳ አቀናሁና መዘዝኳት፤ ዘንጉ ከፔዳሉ ተለየ። አሁን ፔዳሉ ብቻውን ነው፤ ከፖምፓም፣ ከዘይትም፣ ከዲስክም ጋር ጉዳይ የለውም። በእጄ ወደ ታች ገፋሁት። ወረደ። ለቀቅሁት።

አልተነሳም።

ተዘቅዝቄ እንዳለሁ «ዱጋ!» ብዬ ጮህኩ፤ እውነት ማለት ነው። አዳዳ ደነገጠች። ፖምፓው ነጻ ነው፤ ካምቢዮው ነጻ ነው፤ እግሬም ነጻ ነው። መካኒኩ ሊያወርደው የነበረው ሁሉ ጤነኛ ነው። ፔዳሉን የሚመልሰውን ሞላ ዳሰስኩት፤ አልተሰበረም፣ አልላላም። እንግዲህ የቀረው ፔዳሉ የተንጠለጠለበት አግዳሚ ብረት ብቻ ነው። የጫፉን ዳዶ ፈታሁና ብረቱን እያዞርኩ ሳብኩት። እምቢ አለ። በመዶሻው እጀታ ቀስ ብዬ መታሁት። ከጥቂት ትግል በኋላ እንደ ጥርስ ተነቅሎ እጄ ላይ ወጣ።

ብረቱ ላይ ቡናማ ሙጫ ተጋግሮበታል። አቧራና ፀጉር ይዞ እንደ ሰም ጠጥሯል። ግራሶ አይደለም፤ ግራሶ ሲያረጅ ይጠቁራል እንጂ እንዲህ አይሆንም። በጣቶቼ መካከል አሸሁት። በጣቴ ሙቀት ለሰለሰ። ከዚያ ሽታው መጣ።

ከበርጩማው ላይ አዳዳ አፍንጫዋን አነሳች። «ምን እየጠበስሽ ነው?» አለችኝ።

ቅቤ ነው። ያውም ተራ ቅቤ አይደለም፤ የተነጠረ ነው። ከሻገተው ሽታ ሥር ኮረሪማና ኮሰረት አለ። ወለጋ የኖረ ሰው ይህን ሽታ በሕልሙም አይስተውም። በመኪናዬ ፔዳል ውስጥ የወጥ ቅቤ ተቀብቷል። በብርድ ይረጋና ፔዳሉን ይይዘዋል፤ በፀሐይ ይቀልጥና ይለቀዋል። ከወለሉ ላይ ሳልነሳ፣ እግሬ እንደተሰቀለ ሳቅሁ። አዳዳም ገና ምክንያቱን ሳታውቅ አብራኝ ሳቀች። ስትሰማ ደግሞ ጋቢዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች።

ማን እንደቀባው መጠየቅ አላስፈለገኝም። መኪናዋ ከእጃችን የወጣችው ለአንድ ሰርግ ብቻ ነው። ሰርግ ባለበት ቤት ደግሞ ንጥር ቅቤ በድስት ሞልቶ ይቆማል። ሙጫውን በጨርቅ ጠርጌ ጨርቁን በፌስታል ቋጥሬ አስቀመጥኩት። ብረቱንና ቀዳዳውን በላምባ አጠብኩ፤ አደረቅሁ፤ ንጹሕ ግራሶ ቀብቼ መለስኩት። ዘንጉንም አገናኘሁ። ፔዳሉን ረገጥኩና እግሬን አነሳሁ። ፔዳሉ ከእግሬ ቀድሞ ተነሳ።

አዳዳ ለማንም እንዳትናገር አስማልኳት። እስከ እሁድ አፏን መያዟ ከእኔ ሥራ የበለጠ ሥራ ነበር።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሣሩ ላይ ጤዛ ነበር፤ ሰው ሲናገር ትንፋሹ ይታያል። ዋርሳዬ ከሚስቱ ጋር መጣ። የጭነት መኪና ከበሩ ውጭ አቁሞ፣ ወፍራም ገመድ በትከሻው አንጠልጥሎ ነው። መካኒኩም አብሮት አለ። ቁልፉን ይዤ ወጣሁ። ዋርሳዬ ገመዱን ላስር ወይስ ትሞክሪያለሽ ብሎ ጠየቀኝ። ትንሽ እሞክራለሁ አልኩት።

ገባሁ። ሞተሩ ተነሳ። ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ፤ ማርሽ አስገባሁ፤ እግሬን አነሳሁ። ከበሩ ወጣሁ። የጭነት መኪናውን አልፌ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄጄ ዞርኩ፤ ተመልሼ ገብቼ ቀድሞ የቆምኩበት ቦታ ላይ አቆምኩ። አዳዳ እስከዚያ የያዘችውን እልልታ በአንዴ ለቀቀችው። ታላቁ አዛውንት «ኢሾ! ጎበዝ!» ብለው ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

ዋርሳዬ ግን የሚሸነፍ ሰው አይደለም። በድብቅ ዲስክ አስቀይራለች አለ። ይሁን፤ ዛሬ ሄደች፤ እግሯ ግን ያው እግር ነው፤ በሚቀጥለው ክረምት ያንኑ ታደርጋለች፤ ስለዚህ መኪናዋ አሁንም ወደ እሱ ብትሄድ ይሻላል አለ። አንዱ ሽማግሌ እውነቱን ነው በሚል አንገታቸውን መነቅነቅ ጀምረው ነበር። ያኔ ፌስታሉን ፈታሁ።

ጨርቁን ለታላቁ አዛውንት ሰጠሁና ይህ ከፔዳሉ ብረት ላይ የወጣ ነው፣ ያሽትቱት አልኳቸው። አሸተቱ። አጠገባቸው ላሉት አቀበሉ። እሳቸውም አሽትተው አቀበሉ። ጨርቁ እየዞረ የዋርሳዬ ሚስት ጋ ደረሰ። አፍንጫዋ አጠገብ አድርጋ ገና አንዴ ሳበች።

«ያ ሃዳ ኮ፣ እናቴ!» አለች። «ይሄማ የእኔ ንጥር ነው። የልጄ ሰርግ ንጥር!»

ባሏ ዝም በይ አላት። እሷ ግን ሳቁ ይዟት መሬት ላይ ቁጢጥ ብላለች፤ እየሳቀች ነው የምትናገረው። በሰርጉ ጠዋት ፔዳሉ ሲረገጥ ሲጥ ሲጥ ይል ነበር አለች። ዋርሳዬ የሙሽሪት ዘመዶች ጉቴ ላይ አሮጌ መኪና አመጡልን እንዳይሉ ፈራ። ማድ ቤት ገብቶ ከድስቱ በማንኪያ ጨልፎ ወጣ።

«እኔ ደግሞ ሊበላ መስሎኝ» አለች ሚስቱ፣ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች። «ሆዱን ሳይሆን መኪናውን ሲያበላ ነው ለካ!»

ዋርሳዬ ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ያለውን ሳስታውስ አሁንም እስቃለሁ።

«ቅቤ ምርቃት ነው» አለ። «በእኛ ባህል ለክብር ይቀባል። ምን አጠፋሁ?»

ታላቁ አዛውንት ረጋ ብለው አዩት። «ልጄ፣ ምርቃት ራስ ላይ ነው የሚቀባው» አሉ። «ያውም ያልተነጠረው። አንተ የቀባኸው ወጥ ነው።»

መካኒኩ ሳይቀር ሳቀ። አንዱ ሽማግሌ በበርበሬ ብታሸው ኖሮ መኪናዋ እስከ ባኮ ትሮጥ ነበር አሉ። ሰዉ ሁሉ ሲስቅ ዋርሳዬ ገመዱን ከትከሻው አውርዶ የሚያስቀምጥበት አጣ። አዛውንቱ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ወደ እሱ ዞሩ። በሙት ዓመቱ ቀን በሰው ፊት የተናገርከውን ዛሬም በሰው ፊት መልስ አሉት። መለሰ። «አዴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማሎ፣ ይቅር በይኝ» አለ፤ መሬት መሬት እያየ። «ይህች ሴት» ያለበት አፍ «አዴ» ብሎ በክብር ሲጠራኝ ሰማሁት። ይቅር አልኩህ አልኩት፤ ሽማግሌ ባለበት እንደዚያ ነው የሚባለው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋቱ ሰርግ ሆነ። ጣራዋን ወደ ኋላ አጠፍኩትና መጀመሪያ አዳዳን ጭኜ ቡርቃ ጃቶን ዞርኩ። እያንዳንዱ በር ላይ ቀስ በይ ትለኝ ነበር፤ ፈርታ ሳይሆን ሰው እንዲያያት ነው። ሽማግሌዎቹም ተራ ያዙ። ታላቁ አዛውንት ከዘራቸው ስላልገባ ወደ ሰማይ አቁመውት ተቀመጡ፤ ባንዲራ የያዙ ነው የሚመስሉት። ቁልቁለቱ ላይ ነፋሱ ኮፍያቸውን ሲወስደው ተይው፣ ንጂ አሉኝ። የዋርሳዬ ሚስት ሁለት ጊዜ ዞረች። መካኒኩም ጠየቀኝ፤ እሱንም ጫንኩት። ዋርሳዬን ማንም አልከለከለውም፤ እሱ ራሱ ከጭነት መኪናው አልወረደም።

ሰኞ ጠዋት ሄጄ የመኪናዋን ሊብሬ በስሜ አዛወርኩ። በግቢው በር ላይ አዲስ ቁልፍ አስገጠምኩ። በጥር ሌላ ልጅ ሲድር ዋርሳዬ መኪናዋን በሽማግሌ አስጠየቀኝ። አልሰጠሁትም።